ጌታ ያላላትን የነገርኳት ሴት

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ በጥሩ ጎን አልታይም። "ተፈተነች፣ ጸለየች፣ አሸነፈች" የሚል ምስክርነት የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ቦታ ሞልቷል፤ እኔ ራሴ መድረክ ላይ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ይሄኛውን መድረክ ላይ እንድናገር ማንም አልጋበዘኝም።

ፌቨን እባላለሁ። ናይሮቢ የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። ፎርም ፎር፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል፣ ጨረስኩና እዚያው ላይ ቆምኩ፤ ውጤቴም አልገፋ፣ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድ። ይህ ነገር ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መሃል ከተማ፣ እኛ ታውን በምንለው ቦታ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጥ ነበር። ሱቋ ሁለት እጄን ብዘረጋ ግድግዳና ግድግዳ የምነካባት ናት። ሳምንቱን ሙሉ በስዋሂሊ እከራከራለሁ፤ እሁድ ሲደርስ በአማርኛ እጸልያለሁ።

መጸለይ እችልበት ነበር። "መጸለይ ደግሞ የሚቻልበት ነገር ነው ወይ?" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አዎ ነው። ድምፄ ወፍራም ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ጥቅሶቹን በቃሌ አውቃለሁ። የት ላይ ዝቅ እንደሚባል፣ የት ላይ ከፍ እንደሚባል ማንም ሳያስተምረኝ ገብቶኛል። ዳግም የተወለድኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ በወጣቶች ኮንፈረንስ ነው ብዬ እመሰክር ነበር። እውነቱ ግን፣ ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እጇን ስታነሳ ብቻዬን እንዳልቀር አነሳሁ። ወደ ፊት ወጣን፣ ተጸለየልን፣ አለቀስን። ለቅሶው እውነት ነበር። ምን እንዳስለቀሰኝ ግን ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዉ "እህት ፌቨን" ይለኝ ጀመር፤ እኔም ሆንኩላቸው።

የምንሰበሰበው ታውን ውስጥ በተከራየነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጉባኤው ካለቀ በኋላ አሥራ አምስት የምንሆን የጸሎት ቡድን እንቀራለን። በዚያ ሰዓት አንድ ልማድ አለን። ጸሎት የሚፈልግ ሰው መሃል ይንበረከካል፤ ሌሎቻችን እጅ እንጭንበታለን፤ ትንሽ ከተጸለየ በኋላ ዝም ይባላል። ዝም የምንለው ጌታ ለአንዳችን ቃል እስኪሰጥ ድረስ ነው። ቃል የመጣለት ሰው በጌታ አፍ ሆኖ ይናገራል፤ "ልጄ ሆይ" ብሎ ይጀምራል። ቃል የሚመጣላቸው ሦስት ወይ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ።

በእውነት የሚሰማ ሰው የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ዝምታ ሲረዝም የምጨነቅ ሰው ነኝ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ዕቃ ይዞ ዝም ሲል አንድ ነገር እንደምለው ሁሉ፣ እዚያም ዝም ሲባል አንድ ነገር እል ነበር። ብዙ ጊዜ የምለው ማንንም የማይጎዳ ነው፤ "ልጄ ሆይ፣ እንባሽን አይቻለሁ"፣ "ልጄ ሆይ፣ በር ይከፈትልሃል"። ናይሮቢ ላለ ሐበሻ እንባና የተዘጋ በር አለብህ ብትሉት ትስታላችሁ?

አሁን ወደ እህት ዘነበች ልምጣ። ዘነበች ዕድሜዋ ወደ አርባ ነው። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ በአንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ቤት ምግብ ታበስላለች፤ የምትኖረውም እዚያው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ናይሮቢ ውስጥ ዘመድ የላትም። ዝምተኛ ናት። ድምጿ የሚሰማው ስትዘምር ብቻ ነው፤ እሱም ከዜማው ትንሽ ይወጣል።

አንድ እሁድ፣ የከሰዓቱ ጸሎት ሊጀመር ሲል ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። የበሩ መቀርቀሪያ የተሰበረ ስለሆነ ሁልጊዜ ገርበብ ይላል። በክፍተቱ ዘነበችን አየኋት። የሹራቧን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ሆዷን በሁለት ጣት ቆንጥጣ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ትወጋ ነበር። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ትምህርት ቤት አንዲት ስኳር ያለባት ልጅ ነበረችን፣ እንደዚያው ታደርግ ነበር። እስክትጨርስ ቆሜ አየሁ፤ ዘነበች አላየችኝም። በጣቴ ጫፍ ተመልሼ ወደ አዳራሹ ገባሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘነበች መጥታ መሃል ተንበረከከች። ለምን እንደሚጸለይላት ሲጠይቋት "ጌታ የሚያውቀው ነገር አለኝ" ብቻ አለች። እጅ ጫንን። ጸለይን። ከዚያ ዝም ተባለ።

ያለፈው እሁድ ሳሮን የምትባል ጓደኛችን ያመጣችው ቃል ሰዉን መሬት ላይ ጥሎት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ግሩፓችን ላይ የሚወራው እሱ ነው። የኔን ማንም አላነሳውም። አዎ፣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው፤ ትልቅ ምክንያት አትጠብቁ። ዝምታው ረዘመ፣ ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ።

"ልጄ ሆይ፣ ከሰው ሰውረሽ የምትወጊውን መርፌ አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግሽም።"

ዘነበች ጮኸች። ከዚያ በግንባሯ ተደፋች። በኋላ እያለቀሰች ስትናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር እንዳለባት፣ አሠሪዎቿ እንዳያባርሯት ብላ እንደደበቀች፣ ከኛም "እምነት የላትም" እንዳንላት እንደደበቀች፣ ናይሮቢ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ነገረችን። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። ፈርቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ሁለቱም ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ በግሩፑ ላይ ድምጿን ቀድታ ላከች። መርፌዎቿን ሁሉ ማታውኑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምራቸዋለች፤ የቆሻሻ መኪናውም ጠዋት ወስዷቸዋል። ሦስት ቀን የምስጋና ጾም ይዛለች። አሜን ጎረፈ። እኔም አሜን ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ሽፋን እየሸጥኩ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ትንሽ ሲያማት ራሷ ገዝታ ትወጋለች። ደግሞም እንዲህ አልኩ፤ ጌታ በኔ ተጠቅሞ ቢሆንስ? ይህን ማሰቤን አልክድም። ሰው የዋሸውን ራሱ ማመን ሲጀምር እንዴት እንደሚቀለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

ዘነበች ነበረች። ድምጿ ሩቅ ነበር፤ በየሁለት ቃሉ ትተነፍሳለች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታውካት አድሯል። "ፌቪዬ፣ ነይ ጸልዪልኝ፤ ጠላት ተነስቶብኛል" አለችኝ። ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር ወይ ስላት መልስ ሳትሰጠኝ ዘጋችው።

ለሱቁ ባለቤት ሰው ታሞብኛል ብዬ ወጣሁ። ማታቱ፣ የከተማው ሚኒባስ፣ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፣ ሙዚቃው መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ እኛ ግን ባለንበት ነን። ለፓስተር ታምራት ደወልኩ። ፓስተራችን ናቸው፤ እሁድ ከሰዓት ግን ከኛ ጋር አይቀሩም ነበር፤ ቡድኑን ለኛ ትተውታል። ያን ቀን ናኩሩ የሚባል ሌላ ከተማ ነበሩ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ማለት፣ የሆነውን ግማሹን። ስኳር እንዳለባት፣ መድኃኒቷን እንዳቆመች፣ እንደምታስታውክ።

"መድኃኒቷን ማን ነው አቁሚ ያላት?" አሉኝ።

"አላውቅም ፓስተር።"

ከዚያ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ ማንንም አትጠብቂ፣ እኔም ተነስቼ እመጣለሁ አሉ። ስልኩን ዘጋሁና ግንባሬን የፊቴ ወንበር ላይ ደገፍኩ። "አላውቅም" ብዬ ነበር። እሷ እዚያ እየሞተች፣ እኔ እዚህ ስሜን እጠብቃለሁ።

ሩንዳ ስደርስ የግቢውን በር የከፈተልኝ ዘበኛው ዋፉላ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አሠሪዎቹ ለሳምንት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደዋል፤ ግቢው ውስጥ ያሉት እሱና ዘነበች ብቻ ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሲያመላልስላት እንደነበር፣ ታክሲ ልጥራ ሲላት እምቢ እንዳለችው በስዋሂሊ ነገረኝ። "እግዚአብሔር ፈውሶኛል ትለኛለች" አለ። ቀጥሎ ፊቴን አየና፣ "የተፈወሰ ሰው እንደዚህ ነው እንዴ?" አለኝ። ሲቀልድ አይደለም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። አልፌው ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ክፍሏ ስገባ መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ዓይነት፣ ከትንፋሿ የሚወጣ። አልጋው ሥር ሁለት ባዶ የውሃ ጄሪካን አለ። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የምትተነፍሰው እንደሮጠ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ነው፤ ግን ተኝታ ነው። ስታየኝ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

"መጣሽልኝ" አለች።

እንነሳና ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ጌታ ሐኪምንም ይጠቀማል አልኳት፤ ለሌላው ሰው ይጠቀም ይሆናል፣ ለኔ ግን በቀጥታ ነው የተናገረኝ አለች። ፓስተርም እንድትሄጂ አዘዋል አልኳት። ፓስተር እሁድ አልነበሩም አለች። ለመጎተት ሞከርኩ፤ ያን ያህል ደክማ እንኳ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ያዘች።

"ሁለት ቀን ነው እኮ ያመንኩት ፌቪ" አለችኝ። "አሁን ተነስቼ ብሄድ ምን ልለው ነው? ሁለት ቀን እንኳ አልቻልኩም ልበለው?"

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቀላል ነው፤ ሌላ ቃል እሰጣታለሁ። በቃል የተኛች በቃል ትነሳለች። አታውግዙኝ፤ በኔ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ታስቡት ነበር። ግንባሯ ላይ እጄን ጫንኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ያንን ድምፄን ዝቅ አደረግኩና ጀመርኩ።

"ልጄ ሆይ፣ ተነሺ፤ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ።"

ዓይኔን ስገልጥ ትክ ብላ ታየኛለች።

"ይሄ የጌታ አይደለም" አለች። "ይሄ የአንቺ ነው። ፈርተሻል፤ አይዞሽ። የእሁዱ ነው የጌታ።"

እጄን አነሳሁ። አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የቀረኝ ነገር አንድ ነው፤ እሱን ከማለት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋን እንዳልጎዳት ብዬ ብቻ አይደለም። ይህን ካልኩ እህት ፌቨን የምትባል ሰው ከዚህ ክፍል እንደማትወጣ አውቃለሁ። ከእሷ ሌላ ደግሞ ማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

"ዘኑ፣ እሁድ ጌታ ምንም አላለኝም" አልኳት። "የዋሸሁት እሁድ ነው።"

አልተቆጣችም። ለሕፃን እንደሚታዘን አዘነችልኝ። ሰይጣን ነው እንደዚህ የሚያናግርሽ፣ ቃሉን ሊነጥቀን ነው፣ እሺ እንዳትዪው አለች። እጇን ዘርግታ ልትጸልይልኝ ፈለገች። ልትሞት የደረሰችው ለኔ ልትጸልይ።

"አይደለም፤ ስሚኝ። አይቼሽ ነበር። መጸዳጃ ቤት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።"

"ማንም አላየኝም።"

"የሹራብሽን ጫፍ በጥርስሽ ይዘሽ ነበር። በቀኝ በኩል ነው የወጋሽው። መርፌውን የመለስሽው ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎሽ ሁለት ጊዜ ጎተትሽው። ከዚያ በሶፍት ጠርገሽ ሶፍቱን ኪስሽ ውስጥ ከተትሽ። ጌታ አይደለም የነገረኝ ዘኑ። በበር ክፍተት ነው ያየሁት። ሰዉ እንዲያደንቀኝ ብዬ ነው የተናገርኩት።"

ዝም አለች። የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። እኔ ዝምታ ሲረዝም የምጨነቅ ሰው፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል መጨመር አልቻልኩም። ዓይኗ ከኔ ላይ ተነስቶ ወደ ጣሪያው ሄደ።

"ታዲያ ጌታ ምንም አላለኝም ማለት ነው?" አለች።

"እኔ እንጃ። በኔ በኩል ግን ምንም አላለም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልታለቅስ ሞከረች መሰለኝ፤ እንባ ግን አልነበራትም፣ ሰውነቷ ደርቋል። ከዚያ ሳትዞር፣ "ጫማዬን ስጪኝ" አለች።

ዋፉላ ታክሲ ጠርቶ እየጠበቀ ነበር፤ ሳልነግረው። ግራና ቀኝ ይዘን አስገባናት። መንገድ ላይ ራሷ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ የደገፈችኝ ግን ፈልጋ አይደለም፣ ራሷን መሸከም ስላቃታት ነው። ጊጊሪ የሚባለው ሰፈር ጋ መኪናው ተይዞ ቆመ። ስሟን ጠራሁ። አልመለሰችም። ጉንጯን መታ መታ አደረግኩት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየና ምንም ሳይል መንገዱን ጥሶ በዳር በኩል ወጣ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሮጠው በአልጋ ወሰዷት። አንዲት ወጣት ሐኪም ደሟን አይታ ከተመለሰች በኋላ ኮሪደሩ ላይ አቆመችኝ። ኢንሱሊን መቼ እንዳቆመች ጠየቀችኝ። እሁድ አልኳት። ለምን አቆመች? ሰው አቁሚ አላት።

"ማን?"

"እኔ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ነርስ ነሽ? አለች። አይደለሁም። ታዲያ ምንድን ነሽ?

"የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ" አልኳት።

ሌላ ምን እላለሁ? የጸሎት ሰው ነኝ ልበላት? ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ጻፈችና ሄደች። ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም፤ የሆነ ፋይል ውስጥ ግን ስለኔ የተጻፈ አንድ እውነተኛ መስመር አለ።

ፓስተር ታምራት የደረሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። ተቀምጠው ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጸዳጃ ቤቱን፣ ሳሮንን፣ በማታቱ ውስጥ "አላውቅም" ያልኩትን። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ወለሉን ሲያዩ ቆዩ።

"እዚያ ቡድን ውስጥ ማን ምን እንደሚል አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ስታለቅሱ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

ከዚያ እንጸልይ፣ አንቺ ጀምሪ አሉኝ።

አልቻልኩም። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጸልዪ ተብዬ አፌ ተይዞ አያውቅም። ጥቅሶቹ ሁሉ በቃሌ አሉ፤ አንዱን ላነሳ ስል የሌላ ሰው ዕቃ ላይ እጄን የማሳርፍ መሰለኝ። ዝም አልኩ። አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች አለፈች። አንድ ሽማግሌ ከፊታችን ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። እኔም በመጨረሻ ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን እንኳ ሳላንቀሳቅስ፣ "ዋሽቼብሃለሁ" አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። "ማረኝ" እንኳ አላልኩም፤ "ማረኝ" ብል ደግሞ እንደ ድሮው አሳምሬ የምለው መስሎኝ ፈራሁ።

ዳግም የተወለድኩት ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙቀት አልተሰማኝም። ብርሃን አላየሁም። እንባ አልመጣም። ፍርሃት ብቻ ነበር። ግን እሱን ሳናግረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማኝ ሌላ ሰው እንዳለ አላሰብኩም።

ዘነበች ሦስት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች፤ ተረፈች። ኩላሊቷ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ብለዋታል። አሠሪዎቿ ሲሰሙ አላባረሯትም፤ ለምን አልነገርሽንም ብለው ተቆጧት እንጂ። ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችው በከንቱ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ በቡድኑ ፊት ተነስቼ ተናገርኩ። ፓስተር አላስገደዱኝም፤ አልከለከሉኝምም። ስጨርስ ማንም እኔን አያይም። አንድ ወንድም የጌታን ቃል መካድ ከመዋሸት የባሰ ኃጢአት ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ "ተርፋለች እኮ፤ እንግዲህ ቃሉ ተፈጸመ ማለት ነው" አለች፤ ሁለት ሦስት ሰው አሜን አላት። ያ አሜን ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ደረጃ ስወርድ አንዲት በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ። "እኔም እኮ አንዳንዴ..." አሉ። አልጨረሱትም። እጄን ለቀው ቀድመውኝ ወረዱ።

አሁን ለእናንተ ልናገር። ይህን ከምታነቡት ውስጥ በእምነት መኖር ማለት አለመጠራጠር ነው ብላችሁ የተማራችሁ አላችሁ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የተማርኩት። ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ያመነ ይመስለኝ ነበር። ዘነበች ግን በእርግጥ አምና ነበር፤ እምነቷ ልክ ነበር፣ ያስያዝኳት ነገር ነው ውሸት። እኔ ደግሞ ሐሰት ተናግሬም ማንም የማይጠራጠረኝ ሰው ነበርኩ። አሁን በእምነት መኖር ለኔ ምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ እውነቱን ተናግሮ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ነው እላለሁ። ሩንዳ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያደረግኩት እሱን ብቻ ነው። ጥሩ ስሜት የለውም። ብዙ ሌሊት አልተኛሁም፤ ዛሬም ደህና ነኝ አልላችሁም። የጸሎት ቡድኑን ትቻለሁ፤ ጉባኤ ግን እሄዳለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ፊታችሁ ተንበርክኮ ቃል ሲጠብቅ ምንም ካልሰማችሁ፣ ምንም አልሰማሁም በሉት። አብራችሁት ዝም በሉ። ዝምታ ሰው አይገድልም።

ዘነበች ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ራሷ ደወለችና ነይ አለችኝ። ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ለእራት እንግዶች ካሮት ትከትፍ ነበር። ከስታለች። ተቀመጪ አላለችኝም፤ ተቀመጥኩ። ቢላዋው ሳይቆም ተናገረች።

"ሁለት ወር እየጠየቅኩት ነው። ምንም አላለኝም። አንቺንም ያልጠራሁሽ ስለጠላሁሽ ነው።"

ይገባል አልኳት።

"ዝም በይ፤ አልጨረስኩም።" ካሮቱን ወደ ድስቱ ጠረገችው። "እዚህ አገር የሚጸልይልኝ ሰው የለኝም። ስለዚህ ጸልዪልኝ። ግን ልጄ ሆይ ብለሽ እንዳትጀምሪ። በራስሽ አፍ ጸልዪ።"

ጸለይኩ። አራት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ኩላሊቷን እንዲጠብቅላት፣ ብቻዋን እንዳይተዋት፣ ያደረግኩባትን ማንም እንዳይደግምባት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አልደበቅኩትም። ዓይኔን ስገልጥ ዘነበች ዓይኗን ጨርሶ አልጨፈነችም ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔን ስታይ ነው የቆየችው።

አሜን አላለችም።

ከመሳቢያው ሁለተኛ ቢላዋ አውጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። "ድንቹን ላጪ" አለችኝ። "ቀጭን አድርጊው፤ ብዙ እንዳትጥዪ።"

ላጥኩ።